ጣሪያው የተከፈተው ሊንከን

ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የ1964 ሞዴል ሊንከን ኮንቲኔንታላቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን አገሬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት «ቆይ፣ ይህን እይ» ብለው አንዲት ማብሪያ ተጫኑ። የኋላው የዕቃ ክዳን ከፊት በኩል ተነሥቶ ወደ ኋላ ተከፈተ። ሸራው ብድግ አለ፣ ተጣጠፈ፣ ከነብረቱ እዚያው ገብቶ ተሰወረ፤ ክዳኑም ተመልሶ ገጠመ። «ልጅ ሳለሁ ንጉሣችሁን እንዲህ ባለ መኪና ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሜ አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚህን መኪና ታሪክ ስከታተል ኖሬያለሁ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቅንጦት በርዝመትና በጌጥ ይለካ ነበር። የ1959 ካዲላክ ኤልዶራዶ ቢያሪትዝ 5 ሜትር ከ70 ገደማ ይረዝማል። የኋላ ክንፎቹ እንደ ሮኬት ሽቅብ የቆሙ ናቸው፤ በየክንፉም ላይ እንደ ጥይት የሾሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች አሉ። የተሠራው 1,320 ብቻ ነው። የፎርድ ኩባንያ ምርት የሆነው ሊንከን ግን በ1961 ክንፉን ጣለው። ኤልውድ ኤንግል የነደፉት አዲሱ ኮንቲኔንታል ጎኑ ልሙጥ፣ ከቀዳሚውም ወደ 37 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ነበር። ንድፉ መጀመሪያ የታሰበው ለፎርድ ተንደርበርድ ሲሆን፣ የፎርድ ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ማክናማራ አይተውት ሊንከን እንዲሆን አደረጉ። ጌጡ ሲቀንስ ግርማው ጨመረ።

ሲንሲናቲ የነበረው ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት የተባለ የመኪና አካል ሠሪ ይህንኑ ሞዴል አስረዝሞ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ አዘጋጀው፤ ፎርድም ለመንግሥት በዓመት 500 ዶላር አከራየው። የኋላ ወንበሩ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ተሳፋሪውን በደንብ እንዲያይ፣ በሃይድሮሊክ ከፍ ይል ነበር።

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ኬኔዲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዩኒየን ስቴሽን ተቀብለው በክፍት ሊንከን በሕዝብ መካከል ይዘዋቸው አለፉ። ከ52 ቀን በኋላ፣ በእኛ ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ዳላስ ውስጥ ዝናቡ ስላባራ የፕሬዚዳንቱ መኪና የፕላስቲክ ጣሪያ ተነሥቶ ነበር። ኬኔዲ እዚያው መኪና ላይ ተገደሉ። ጃንሆይም ተመልሰው መጥተው ከፈረንሳዩ ዦኔራል ደጎል ጋር አስከሬኑን በእግር ሸኙ።

ሊንከን ባለአራት በሩን ክፍት መኪና መሥራት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 አቆመ። የኬኔዲው መኪና ጥይት የማይበሳው ቋሚ ጣሪያ ተገጥሞለት እስከ 1977 አገለገለ፤ አሁን ሚሺጋን፣ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆሟል። ሄጄ አይቼዋለሁ። እኔ እንደሚገባኝ የዚያ ዘመን መኪና ትልቁ ክብር ተሳፋሪውንና መንገደኛውን ፊት ለፊት ማስተያየቱ ነበር። ዛሬ መሪ ሲያልፍ መንገድ ዳር የሚቆም ልጅ የሚያየው ጥቁር መስታወት ነው።