በመልኩ ሳይሆን በሥራው መሰየም፦ የአይዲና የክላስ አጭር ታሪክ

ዕብራይስጥ ከቀኝ ይጀምራል፣ አማርኛ ከግራ። ሁለቱን አንድ ድረ ገጽ ላይ ለማስቀመጥ የሞከረ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። እኔ ጉዳዩን በታሪክ በኩል ነው ያየሁት። ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ስትማሩ የምታገኟቸው "አይዲ" እና "ክላስ" ከየት እንደመጡ ስከታተል፣ ነገሩ የስም አወጣጥ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ልዩነታቸውን እንያዝ። አይዲ እንደ ተዑዳት ዜሁት ቁጥር ነው፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ለአንድ ክፍል ብቻ ይሰጣል። ክላስን ግን ብዙ ክፍሎች ይጋሩታል። አንዱ ክፍልም ብዙ ክላስ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ሰው ተማሪም፣ ወታደርም፣ የቤቱ የበኩር ልጅም እንደሚሆነው ማለት ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጽ አዘጋጆች ቀለሙንና የፊደሉን መጠን እዚያው ጽሑፉ መሀል እየደጋገሙ ይጽፉ ነበር። መቶ ርእስ ካለ፣ ቀለም ለመቀየር መቶ ቦታ መንካት ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ዊየም ሊ ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ሲሠራ፣ በኦክቶበር 1994 መልክን ከጽሑፍ የመለየት ሐሳብ አቀረበ። ከሆላንዳዊው በርት ቦስ ጋር ያዘጋጁት ሲኤስኤስ በዲሴምበር 1996 ጸደቀ። በዓመቱ የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.0 አይዲንና ክላስን ለአብዛኞቹ የገጽ ክፍሎች ሰጠ። የጽሑፉን ቋንቋና አቅጣጫ የሚናገሩት "ላንግ" እና "ዲር" የተባሉ ምልክቶችም እዚያው ሰነድ ውስጥ አሉ።

ስሙን ግን ማን ያወጣል? ይህ ለጸሐፊው ተተወ። በ2005 የጉግል ባልደረባ የነበረው ኢያን ሂክሰን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ገጾችን ሲመረምር፣ ሰዎች ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ ስም እንደሚሰጡ ታየ፦ ሄደር፣ ፉተር፣ ናቭ። በ2014 በጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ውስጥ እነዚህ ስሞች የቋንቋው አካል ሆነው እናገኛቸዋለን። "ቀይ" ወይም "ትልቅ" ግን እንዲህ አልሆኑም፤ መልክ ተለዋዋጭ ነው፣ ሥራ ይቆያል።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ይሄ ነው። ቡትስትራፕ የተባለው ታዋቂ የንድፍ መሣሪያ ክላሶቹን "ግራ" እና "ቀኝ" ይላቸው ነበር። ገጹ ወደ ዕብራይስጥ ሲገለበጥ ስሙ ይዋሻል፤ "ግራ" የተባለው በቀኝ ይገኛል። በ2021 የወጣው 5ኛው እትም ስሞቹን "መጀመሪያ" እና "መጨረሻ" ወደሚል ትርጉም ቀየራቸው። የአማርኛ መጀመሪያ በግራ ነው፣ የዕብራይስጥ በቀኝ፤ ስሙ ግን ለሁለቱም እውነት ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን የሚያነቡት ገጽ ስትሠሩ፣ የአማርኛውን አንቀጽ "ግራ" አትበሉት። ክላሱን "አማርኛ" በሉት፣ ቋንቋውንና አቅጣጫውንም በየምልክታቸው ጻፉ። ያለዚያ ጽሑፍ አንባቢው ፕሮግራም አማርኛ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፣ የጥያቄ ምልክቱና ቅንፉም ያለቦታው ሊገባ ይችላል። በትክክል ከተሰየመ ግን ነገ ሌላ ሰው ንድፉን ቢለውጠውም አማርኛችን ሳይዛባ ይነበባል።