ኮምፒውተሬን ለሰማይ አሰሳ ያዋስኩባቸው ዓመታት

በ1990ዎቹ አጋማሽ ልደታ በሚገኝ አንድ የቀበሌ ቤት ግቢ ስንኖር፣ አምስት አባወራዎች የምንጠቀመው በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነበር፡፡ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ኮምፒውተሬን ሳላጠፋ እተኛለሁ፡፡ አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን የሆኑ እናት በር ላይ ጠብቀው፣ “ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ምንድን ነው?” አሉኝ፡፡ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ምልክት እየፈለገ መሆኑን ነገርኳቸው፡፡ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ “እሱስ ይፈልግ፤ ሒሳቡን ግን አንተ ክፈል” አሉ፡፡ ልክ ነበሩ፡፡ 100 ዋት ገደማ የሚወስድ ኮምፒውተር በየሌሊቱ ለ10 ሰዓታት ቢሠራ በወር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፡፡ ከዚያ ወር ጀምሮ ድርሻዬን ጨምሬ ከፈልኩ፡፡

ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ምን ይሠራ ነበር? “ሴቲ አት ሆም” የተባለው ፕሮጀክት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረው ግንቦት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1999) ነው፡፡ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የነበረው፣ 305 ሜትር ስፋት ያለው የአረሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚቀበለው ሞገድ በቴፕ ተቀድቶ በፖስታ ወደ በርክሌይ ይላክ ነበር፡፡ እዚያ እያንዳንዳቸው 340 ኪሎ ባይት ገደማ ወደሆኑ ቁራጮች ከተከፋፈለ በኋላ በዓለም ዙሪያ ላሉ ፈቃደኞች በኢንተርኔት ይታደላል፡፡ ፈቃደኛው የሳይንስ ዕውቀት አይጠየቅም፤ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበትን ጊዜ ብቻ ነው፡፡

አሰሳው ያተኮረው በ1420 ሜጋኸርዝ ዙሪያ ነበር፡፡ ሃይድሮጂን በተፈጥሮው ሞገድ የሚለቀው በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሲሆን፣ በጠፈር ከሁሉም የበዛው ንጥረ ነገርም እሱ ነው፡፡ ስለዚህ ሬዲዮን የሚያውቅ ፍጡር የትም ቢኖር ይህን ቁጥር ያውቀዋል ተብሎ ይገመታል፡፡ እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ ምልክቱ የሚለይበት ዘዴ ነው፡፡ ምድር ስትሽከረከር አንድ የሰማይ ነጥብ በቴሌስኮፑ ዕይታ ውስጥ የሚቆየው 12 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፡፡ ከዚያ ነጥብ የመጣ ምልክት በእነዚህ ሰከንዶች ቀስ ብሎ ደምቆ፣ ቀስ ብሎ መደብዘዝ አለበት፡፡ ሳይለወጥ ዝም ብሎ የሚቀጥል ከሆነ ምንጩ የእኛው ሳተላይት ወይም ራዳር ሊሆን ይችላል፡፡ ከበራሪ ሳሕን ወሬ ጋር ይህ ሥራ ምንም ዝምድና የለውም፤ ለጓደኞቼ ይህን ለማስረዳት የጠፋው ጊዜ ግን ከኮምፒውተሩ ጊዜ አይተናነስም፡፡

የሚገርመው ሥራው ለእኛ ሀገር ሁኔታ የተመቸ መሆኑ ነው፡፡ በስልክ መስመር ተገናኝቶ አንድ ቁራጭ ማውረድ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ከዚያ መስመሩን ዘግቶ መሥራት ይቻላል፡፡ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር አንዱን ቁራጭ ለመጨረስ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበት ነበር፡፡ መብራት ሲጠፋም ፕሮግራሙ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል፡፡

በዓመታቱ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፡፡ ፕሮጀክቱ አዲስ ሥራ ማደሉን ያቆመው መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፡፡ የአረሲቦ ቴሌስኮፕም ከስምንት ወር በኋላ፣ ኅዳር 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረሰ፡፡ ከተሰበሰቡት ወደ 12 ቢሊዮን የሚጠጉ ምልክቶች ውስጥ ተመራማሪዎቹ 100 ያህል መርጠው፣ ቻይና በሚገኘው 500 ሜትር ስፋት ባለው “ፋስት” ቴሌስኮፕ እንደገና እንዲታዩ አድርገዋል፡፡ ከሌላ ዓለም መምጣቱ የተረጋገጠ አንድም የለም፡፡

“ታዲያ መብራቱ ባከነ” የሚሉኝ አሉ፡፡ አልስማማም፡፡ በታየው የሰማይ ክፍልና በተፈተሸው ፍሪኩዌንሲ ከተወሰነ ኃይል በላይ የሚያሰራጭ ጣቢያ እንዳልታየ ዛሬ በቁጥር መናገር ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግምት ነው፡፡ ፍለጋው የነካው ግን ከሰማዩ ከፊሉን፣ ከፍሪኩዌንሲውም ጠባቡን ክፍል ነው፡፡

ርቀቱን ለመገመት የራሳችንን ኮከብ እንውሰድ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ባዘጋጀው የስያሜ ዘመቻ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ “ቡና”፣ የሚዞረው ፕላኔትም “አቦል” ተብለዋል፡፡ የሚገኙት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነበረች፡፡ ከእኛ የሚርቁት ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሆነ፣ ዛሬ ሰላምታ ብንልክ መልሱ የሚደርሰው ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፡፡ አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት በመሆኑ ሕይወት አይጠበቅበትም፡፡ ቶናና በረካ ግን ገና አልተገኙም፡፡

አሁን መሳተፍ ለሚፈልግ ዓይንም ይጠቅማል፡፡ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በጎ ፈቃደኞች ከግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ የተገኙ ምልክቶችን ምስል እያዩ በየዓይነታቸው የሚመድቡበትን ሥራ ጀምረዋል፡፡ “ፕላኔት ሀንተርስ ቴስ” ላይ ደግሞ የኮከብ ብርሃን በጥቂቱ የሚቀንስበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው፤ ፕላኔት በፊቱ አልፎ ሊሆን ይችላል፡፡ ጥቂት ደቂቃ ማየት ብቻ ስለሚጠይቅ ኮምፒውተር ሲበራ ማደር የለበትም፡፡ የእኔም ቆጣሪ አሁን ለብቻዬ ነው፡፡