ከመብረቅ ደመና የሚወጣው ጋማ ጨረር

ክረምት ሲገባ ገዳሪፍ ላይ ነጎድጓዱ እንዴት እንደሚያስገመግም ታውቁታላችሁ። ጋማ ጨረር ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው አቶም ቦምብን ነው። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል? ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎረቤት አገር ነው። በኖቬምበር 1972፣ ከኬንያዋ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከተተከለው የሳን ማርኮ መድረክ፣ ሳስ-2 የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ተወነጨፈች። የተላከችው ከሩቅ ጠፈር የሚመጣውን ጋማ ጨረር እንድትመዘግብ ነበር። ከታች ከምድር አየር የሚወጣም ጨረር አገኘች። ምክንያቱም ከጠፈር የሚመጡ እጅግ ፈጣን ቅንጣቶች አየሩን ሲመቱት ጋማ ጨረር ይፈጠራል።

መብረቅ በታሪኩ ውስጥ የገባው ቆይቶ ነው። በ1991 ኮምፕተን የተባለው የጠፈር መመልከቻ ወደ ላይ ወጣ። ጄራልድ ፊሽማንና ባልደረቦቹ በ1994 እንዳሳወቁት፣ መሣሪያው ከምድር በኩል በጣም አጫጭር የጋማ ብልጭታዎችን መዝግቧል፤ ምንጫቸውም የነጎድጓድ ደመና ነው። በደመናው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ድረስ ይገፋቸዋል፤ ከአየር ጋር ሲጋጩ ጋማ ጨረር ይወጣል።

ከዚያም ዲሴምበር 14 ቀን 2009፣ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት በግብፅ ላይ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችና የነሱ ተቃራኒ የሆኑት ፖዚትሮኖች ደረሱበት። የተነሡት 4,500 ኪ.ሜ. ያህል በስተደቡብ፣ ዛምቢያ ላይ ከነበረ ነጎድጓድ ሲሆን፣ የመጡትም የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ተከትለው ነው። ካርታ ላይ ብትፈልጉ በሁለቱ አገሮች መካከል ሱዳንን ታገኛላችሁ።

ታዲያ ጨረሩ ሊያስፈራን ይገባል? ሳተላይቶቹ ያዩት ወደ ላይ፣ ወደ ጠፈር የሚሄደውን ነው። መሬት ላይ ላለነው የሚያሰጋን ራሱ መብረቁ ነው። ነጎድጓድ ስትሰሙ ከማሽላው እርሻ ውጡ፤ ከዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ የድንኳን ብረት አትንኩ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ከተገኘ ግንብ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ።

መምህራን፣ ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ 14 ዲግሪ ትርቃለች፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ሳስ-2 በምድር ወገብ አካባቢ፣ 500 ኪ.ሜ. ገደማ ከፍታ ላይ ስትዞር እስከ 2,500 ኪ.ሜ. ያህል ታይ ነበር። የገዳሪፍ ሰማይ ይታያት ነበር ወይ? ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት።