ከምድጃ እስከ መዝጋን፦ የቤታችን ሙቀት ታሪክ



የዚህ አገር ክረምት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የዝናብ ወራት በገባ ቁጥር፣ በሠፈራችን በሮቫ ዩድ ዛይን ቤት ለቤት ስዞር ከእናቶች አንድ ዓይነት ቃል እሰማለሁ። «ልጄ፣ ሞቃት አገር ነው ብለውን ነበር፤ የዚህ ቤት ብርድ ግን አጥንት ድረስ ይገባል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤት ማሞቂያ ልንነጋገር ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከታሪኩ እንጀምራለን።

በሥራዬ ከማውቃቸው ቤተሰቦች በአንዱ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። አያት ቡና አፍልተው ሲጨርሱ፣ ፍሙ እንዳይባክን ብለው የከሰል ማንደጃውን ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል አስገቡት። መስኮቱም በሩም ተዘጋ። ሌሊት ትልቁ ልጅ ራሱን አሞት፣ ሊያስመልሰው ሲል ተነሣና በሩን ከፈተ። በሩ በመከፈቱ ዛሬ ሁሉም በሕይወት አሉ። በማግሥቱ ከአያት ጋር ስንነጋገር፣ «በአገራችን ስንት ዘመን እሳት አጠገብ ተኝተናል፤ ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱንም የማገኘው ከቤታችን ታሪክ ውስጥ ነው።

በጎንደር ገጠር የነበረው ጎጆ በእሳት ዙሪያ የተሠራ ቤት ነበር። ምድጃው መሐል ላይ፣ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ፣ መደቡ ዙሪያውን ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ስለሆነ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ነፋስም በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። ይህም ሆኖ ጭሱ የስንት እናቶችን ዓይንና ደረት እንደ ጎዳ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ወንዶች አንጥረኞች፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ስለነበሩ የእሳትን ጠባይ ከሌላው ሰው ይልቅ እናውቅ ነበር።

ማገዶ ደግሞ የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ጉዳይ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት ከተማቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ነፋሱና ብርዱ የከፋ፣ ማገዶውም ያለቀበት ሆነ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ በሚገኘው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩና አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እዚያም ማገዶ ቢቸግር፣ በ1890ዎቹ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለ። እንግዲህ ሙቀት ፍለጋ ከተማን እንኳ ከቦታው ያነሣ፣ የአገሩንም ዛፍ የቀየረ ነገር ነው።

አሁን ወደ አሽዶድ እንምጣ። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1956 ነው። መጀመሪያ የሠፈሩባትም ከሞሮኮና ከግብፅ የመጡ እንደ እኛው አዲስ ገቢዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ቤት በፍጥነት ይሠራ ነበርና ግድግዳው ብሎኬትና ሲሚንቶ፣ ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ ሆነ። የታሰበው ለበጋው ሙቀት ነው እንጂ ለክረምቱ አልነበረም። ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ሣር ክዳን አይተነፍስም። መስኮቱ ሲዘጋ አየሩም ይዘጋል። ለአያት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። እሳቱ ያው የጥንቱ እሳት ሲሆን፣ የተለወጠው ቤቱ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ከዚያም እንቅልፍ አስወስዶ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍጹም አይገባም። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ከቤት ውጡ፣ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ።

የዚህ አገር ሰውም ሙቀትን ያገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቤቱን የሚያሞቀው በላምባ ነበር፤ በዕብራይስጥ ነፍት ይሉታል። ለገላ መታጠቢያ ደግሞ በ1953 ሌዊ ይሳር የተባለ ሰው በፀሐይ የሚሞቅ የውኃ ጋን ለገበያ አወጣ። በ1973 ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ ከናረ በኋላ፣ በ1980 አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ይህንኑ እንዲያስገቡ በሕግ ታዘዘ። ዛሬ በየጣሪያው የምታዩት ዱድ ሸመሽ የዚህ ታሪክ ውጤት ነው።

ቀጥሎ የመጣው መዝጋን ነው። ብዙዎቻችን መዝጋን የበጋ ዕቃ ይመስለናል። በክረምት ግን ቤት ማሞቅም ይችላል፤ ሊቃውንቱ የሙቀት ፓምፕ የሚሉት መሣሪያ ይኸው ነው። ሐሳቡም ያረጀ ነው። በ1824 ካርኖ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሙቀትና ጉልበት እንዴት እንደሚለዋወጡ ጻፈ። በ1852 በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን፣ ሙቀትን ከውጭ አየር ወስዶ ቤት የሚያሞቅ መኪና ሊሠራ እንደሚችል አስረዳ። በ1902 ዊሊስ ካሪየር በኒው ዮርክ ለአንድ ማተሚያ ቤት የአየር ማስተካከያ መሣሪያ ነደፈ። በ1938 ደግሞ በስዊስ አገር የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ ሙቀቱን ከሊማት ወንዝ እየቀዳ መሞቅ ጀመረ።

«ከብርድ ወንዝ ሙቀት እንዴት ይቀዳል?» ትሉ ይሆናል። ውኃ የምትቀዳ ሴትን አስቡ። ውኃውን እርሷ አትፈጥረውም፤ ከወንዝ ወደ ቤት በእንስራ ታወጣዋለች እንጂ። የምታወጣው ጉልበት ለሽክሙ ብቻ ነው። መዝጋንም እንዲሁ ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚፈላ ዓይነት ነው። ስለዚህ እኛ ብርድ የምንለው የውጭ አየር ለእርሱ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን ጠጥቶ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ከዚያ ሞተሩ ጋዙን ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ መንፊያው እንደሚግል ሁሉ፣ የተጨመቀውም ጋዝ ይግልና ሙቀቱን ቤት ውስጥ ያራግፋል።

የኤሌክትሪክ ራዲያተር ግን ሙቀቱን በሙሉ ከኤሌክትሪኩ ነው የሚሠራው። አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ቢወስድ አንድ እጅ ሙቀት ይሰጣል። ጥሩ መዝጋን በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስትና አራት እጅ ሙቀት ያወጣል። ዳገቱ ሲረዝም ውኃ ቀጂዋ እንደምትደክም፣ መዝጋንም ውጪው በጣም ሲቀዘቅዝ ይደክማል። የአሽዶድ ክረምት ግን ዳገቱ አጭር ነው፤ በጥር ሌሊት እንኳ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 9 ዲግሪ ነው። እንደዚህ ላለ ለዘብተኛ አገር ይህን መሣሪያ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

በገንዘብ እናስላው። 2,000 ዋት የሆነ ራዲያተር ሳይቋረጥ 10 ሰዓት ቢሠራ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ዋጋ ይለዋወጣል፤ ለሒሳቡ ያህል አንዱን 60 አጎሮት እንበል። ይህ በቀን 12 ሼቄል፣ በወር 360 ሼቄል ይሆናል። ያንኑ ሙቀት መዝጋን በ7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ በወር ወደ 125 ሼቄል ማለት ነው። ልዩነቱ የልጆች ጫማና ደብተር ይገዛል።

ለመግዛት ስትሄዱ እነዚህን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሻጩ «የዚህን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው» ቢላችሁ በቃሉ አትርኩ፤ በማሞቅ ጊዜ ስንት ዋት ሙቀት እንደሚሰጥና ስንት ዋት እንደሚበላ በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። ሁለተኛ፣ የኃይል ቁጠባ ምልክቱን ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ኢንቨርተር የተባለው ዓይነት ሞተሩን በየጊዜው ከማጥፋትና ከማስነሣት ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ይቆጥባል። አራተኛ፣ መጠኑ ከክፍሉ ጋር ይመጣጠን፤ ለአንድ መኝታ ቤት የሳሎን መዝጋን ኪሳራ ነው። አምስተኛ፣ እኛ ከባሕር አጠገብ ነንና የባሕሩ ጨው ብረት ይበላል፤ የውጪው ክፍል ከዝገት የተጠበቀ መሆኑን ጠይቁ። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ግድግዳ ከመበሳታችሁ በፊት ከባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚገጥመውም ሰው ባለሙያ ይሁን።

ከገባ በኋላም 20 ወይም 21 ዲግሪ ይበቃል። ወደ 30 ማድረስ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም፤ ሒሳቡን ብቻ ያበዛል። ማጣሪያውን በየጊዜው አውጥታችሁ በውኃ እጠቡ። በብርድ ቀን ለጥቂት ደቂቃ መንፋቱን ቢያቆም አልተበላሸም፤ ውጪ የያዘውን በረዶ እያሟሟ ነው። ከታች ውኃ ቢንጠባጠብም አትደንግጡ።

እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ በእናቴ ጀርባ ላይ የታዘልሁ ሕፃን ነበርሁ። ያሞቀኝም የእናቴ ጀርባ ነበር። ስለዚህ ያረጀውን ሁሉ ጣሉ አልላችሁም። ያን አያት ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጎብኝቻቸዋለሁ። ቡናቸውን ዛሬም በከሰል ያፈላሉ፤ ነገር ግን ማንደጃው በረንዳ ላይ ነው፣ ፍሙም ውኃ ሳይፈስበት ማንም አይተኛም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ መዝጋኑ በ21 ዲግሪ ይሠራል። «ይህ ደግሞ ጭስ የሌለው ምድጃ ነው» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው የት እንዳለ ተመልከቱ። ጎረቤታችሁ አዲስ ገቢ ከሆነም ይህን ንገሩት።