የአንጎል ዕጢን መለየት፦ ከሕመሙ ታሪክ እስከ ናሙናው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1884 ለንደን ውስጥ ሪክማን ጎድሊ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድን ወጣት የራስ ቅል ከፍቶ ዕጢ አወጣ። ቦታውን የጠቆመው ሐኪሙ ሂዩዝ ቤኔት ነበር። ራጅ ገና አልተገኘም። ቤኔት የተመራው በበሽተኛው ታሪክና በአካል ምርመራ ብቻ ነው፤ መንቀጥቀጡ በግራ ፊት ጀምሮ ወደ ክንድ መሻገሩ፣ ቀስ በቀስም ግራ እጅ መዛሉ መነሻው የቀኝ አንጎል እንቅስቃሴ አዛዥ ክፍል መሆኑን አመለከተው። በሽተኛው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በኢንፌክሽን ቢሞትም፣ ዕጢው የተገኘው በተባለው ስፍራ ነው።

ይህ ጥበብ ዛሬም አላረጀም። ኤምአርአይ በሩቅ ከተማ ብቻ በሚገኝበት አገር ማን ወደዚያ ይላክ የሚለውን የሚወስነው የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነው። አብዛኛው ራስ ምታት ከዕጢ ጋር አይገናኝም። ጠዋት የሚብስ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያጎነብሱ የሚጨምር፣ ማስመለስ የታከለበት ሲሆን ግን ያሳስባል። በጉልምስና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ የሚጥል ሕመምም እንዲሁ፤ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ጸበል ቢወስደውም ምርመራው ሊቀር አይገባም። የዓይንን ውስጠኛ ክፍል በኦፍታልሞስኮፕ ማየት የነርቩን እብጠት ያሳያል፤ እብጠት አለመኖሩ ግን ዕጢ የለም ማለት አይደለም።

ምስሉም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በኤምአርአይ ላይ ዳርቻው ቀለበት ሠርቶ የሚያበራ እብጠት ግሊዮብላስቶማ የሚባለው አደገኛ የአንጎል ካንሰር፣ ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር፣ የመግል ቋት፣ በኤችአይቪ ሕመምተኞች ቶክሶፕላዝሞሲስ፣ አልያም የቲቢ እብጠት ሊሆን ይችላል። ቲቢ በተስፋፋበት አካባቢ ይህን መዘንጋት ሊድን የሚችልን ሰው ተስፋ ማስቆረጥ ነው። የአንጎል ሊምፎማ ከተጠረጠረና የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ናሙና ሳይወሰድ ዴክሳሜታዞን መስጠት አይመከርም፤ መድኃኒቱ ዕጢውን ለጊዜው አሟሽሾ የፓቶሎጂ ባለሙያውን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው አምስተኛው የዕጢዎች ምደባ የማይክሮስኮፕ ምርመራን ከዘረመል ምርመራ ጋር አጣምሯል። በአዋቂዎች የአይዲኤች ዘረመል ለውጥ የሌለው አስትሮሳይቶማ በማይክሮስኮፕ የዋህ ቢመስል እንኳ፣ የቴርት ዘረመል ለውጥ ከተገኘበት ግሊዮብላስቶማ ይባላል። ሙሉ የዘረመል ንባብ ውድ ነው። ለተለመደው የአይዲኤች1 ለውጥ የተዘጋጀው የፀረ እንግዳ አካል ማቅለሚያ ግን በተራ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሲሆን፣ በግሊዮማ ከሚታዩት የአይዲኤች ለውጦች አብዛኞቹን ይይዛል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሆስፒታል ከዘረመል መሣሪያው በፊት ሊገዛ የሚገባው ይህ ማቅለሚያ ነው።