ከካልካታ እስከ ኢየሩሳሌም፦ የካናቢስ ጭማቂና የልብ ሕክምና ታሪክ

የካናቢስ ጭማቂ የሚገኘው የዕፁ አበባና ቅጠል በአልኮል ወይም በዘይት ተዘፍዝፎ ሙጫው ከገለባው ሲለይ ነው። በሙጫው ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ የሚበልጡ ውሁዶች አሉ። ከእነዚህ መካከል በሕክምና ታሪክ ትልቁን ስፍራ የያዙት የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ እና የማያሰክረው ሲ.ቢ.ዲ ናቸው። ወደ ልብ ሲመጣ የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ቲ.ኤች.ሲ የልብ ምትን ያፋጥናል። ሲ.ቢ.ዲ ደግሞ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የልብ ጡንቻን ከጉዳት ሲከላከል ታይቷል። ጭማቂው ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ሲሸጥ ግን ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካናቢስ ለልብ ይበጃል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ በአግባቡ ሊጠየቅ የቻለውም በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕፁን መጠቀም ከጭማቂው እጅግ ይቀድማል። በሕንድ ቅጠሉን ከወተትና ከቅመም ጋር አዋሕዶ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ይህ መጠጥ ባንግ ይባላል። አበባው ጋንጃ፣ ከተክሉ የሚሰበሰበው ሙጫ ደግሞ ቻራስ በሚል ስም ይሸጥ ነበር። በኢትዮጵያም በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ በተባለ ዋሻ (ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያዎች በ1970ዎቹ ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጠጋል። በአፍሪካ ምድር ስለ ካናቢስ አጫጫስ ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

ዕፁን ከባህላዊ ልማድ አውጥቶ ወደ አውሮፓ የሕክምና መጻሕፍት ያስገባው ዊልያም ብሩክ ኦሾኔሲ የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም ነው። ኦሾኔሲ በ1809 በሊመሪክ ተወለደ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው በእንግሊዝ የኮሌራ ወረርሽኝ ሲነሣ የበሽተኞችን ደም መርምሮ ውሃና ጨው እንደጎደለው አሳየ፤ የጎደለው በደም ሥር እንዲተካም ሐሳብ አቀረበ። በ1833 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሐኪም ሆኖ ወደ ካልካታ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በከተማው የሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ።

በካልካታ ያደረገው ነገር ለዘመኑ የሚያስደንቅ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። በመጀመሪያ የአካባቢውን ሐኪሞችና የቀደሙ ጽሑፎችን ጠየቀ። ቀጥሎም ጭማቂውን በውሾች፣ በድመቶች፣ በዓሣዎች፣ በጥንብ አንሣዎች፣ በፈረሶች፣ በፍየሎችና በዝንጀሮዎች ላይ ሞከረ። ሥጋ በል እንስሳት ቶሎ ሲሰክሩ ሣር በሎቹ ብዙ ቢሰጣቸውም እምብዛም እንዳልተነኩ መዘገበ። ወደ በሽተኞች የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። የአዘገጃጀቱ ዘዴ ቀላል ነበር። ሙጫ ያዘለው የጋንጃ አናት በአልኮል ይቀቀላል። ሙጫው ሟሙቶ ሲያልቅ አልኮሉ ይተናል፤ የቀረው ወፍራም ጭማቂ እንደገና በተመጠነ አልኮል ተበርዞ ቲንክቸር ይሆናል።

ኦሾኔሲ ውጤቱን በ1839 ለቤንጋል የሕክምና ማኅበር አቀረበ። የቁርጥማት ሕመምተኞች ሕመማቸው ቀለለ፤ ምግብም አሰኛቸው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ከሞት ባይተርፍም የመጨረሻ ቀኖቹ ስቃይ ቀነሰለት። መንጋጋ ቆልፍ ከያዛቸው የተወሰኑት ዳኑ። በመንዘፍዘፍ ልትሞት የደረሰች የ40 ቀን ጨቅላም ተረፈች። በዚያው ጽሑፍ ግን ኋላ ላይ ዕፁን ከመድኃኒት ቤት የሚያስወጣው ችግርም ተመዝግቧል። አንድ የቁርጥማት ሕመምተኛ ትንሽ መጠን ወስዶ እጅና እግሩ ባስቀመጡት አቅጣጫ ሁሉ ደርቆ የሚቀር ሆነ፤ በሌሎች ላይ ግን ተመሳሳይ መጠን ይህን አላደረገም። ኦሾኔሲ ይህን አለመሸሸጉ ያስመሰግነዋል። ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒቱ የጻፉ ብዙዎች ጥሩ ጥሩውን ብቻ እየመረጡ ነበርና።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ለንደን ሲመለስ ጋንጃ ይዞ መጣ። በኦክስፎርድ ጎዳና መድኃኒት ቤት የነበረው ፒተር ስኳየር ጭማቂውን አዘጋጅቶ ለሐኪሞች ማቅረብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በሌሎች የአውሮፓ አገሮችና በአሜሪካም ተስፋፋ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብ ገባ። ሐኪሞች ለራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለሳልና ለጡንቻ መኮማተር ያዙት ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም የነበረው ጆን ራስል ሬይኖልድስ በ1890 ላንሴት በተባለው መጽሔት በጻፈው ጽሑፍ ጥቅሙን ካመሰገነ በኋላ፣ የጭማቂው ጥንካሬ ከምርት ምርት ስለሚለያይ በጣም ትንሽ ከሆነ መጠን መጀመር እንደሚገባ አስጠነቀቀ።

ይህ ማስጠንቀቂያ የዘመኑን ፋርማሲ ጭንቀት ይነግረናል። ሞርፊን በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከኦፒየም ተለይቶ ስለወጣ ሐኪሙ የሚሰጠውን መጠን ያውቃል። የካናቢስ ሙጫ ግን ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ አይጠጥርም፤ የሚያሰክረው ክፍሉም ተለይቶ አልተገኘም። ከቤንጋል በመርከብ የተጫነው ዕፅ በመጋዘን ሲቆይ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ሕመምተኛውን ሲያሰክር ሌላው እንደ ውሃ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ የአሜሪካ መድኃኒት አምራቾች ያገኙት መፍትሔ ጭማቂውን ለውሻ አቅምሰው ውሻው ሲንገዳገድ ማየት ነበር። የካናቢስ መድኃኒት የጥራት መለኪያ ለረጅም ጊዜ የውሻ እግር ሆኖ ቆየ።

መርፌ መስፋፋቱም የካናቢስን ገበያ ጎዳው። በውሃ የሚሟማው ሞርፊን በመርፌ ተሰጥቶ በደቂቃዎች ሲሠራ፣ ተውጦ የሚጠበቀው ቲንክቸር ተወዳዳሪ አልሆነም። በ1899 አስፕሪን ገበያ ላይ ዋለ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የእንቅልፍ መድኃኒቶቹ ባርቢቱሬቶች ተከተሉ። ሕጉ የደረሰው መድኃኒቱ ከተዳከመ በኋላ ነበር። በ1925ቱ የጄኔቫ የኦፒየም ስምምነት በግብፅ ልዑክ ግፊት ካናቢስ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገባ። በ1932 ከብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ወጣ። አሜሪካ በ1937 ከባድ ግብር ስትጥልበት የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር ተወካይ ዊልያም ውድዋርድ በምክር ቤቱ ፊት ቢቃወምም የሰማው አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከአሜሪካ መዝገብ ተሰረዘ። የተባበሩት መንግሥታት የ1961 ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር ውስጥ አኖረው። ከዚህ ዝርዝር የወጣው በታኅሣሥ 2020 ነው፤ ድምፁም 27 ለ25 ነበር።

ኬሚስትሪው የተፈታው በእስራኤል ነው። ሲ.ቢ.ዲን በ1940 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር አዳምስ ለይቶት ነበር፤ ትክክለኛ አወቃቀሩ ግን አልታወቀም። በ1930 በሶፊያ ተወልዶ በ1949 ወደ እስራኤል የገባው ራፋኤል መኩላም በሬሆቮት የቫይስማን ተቋም ወጣት ተመራማሪ ሳለ፣ ኮኬይንና ሞርፊን ከተለዩ ብዙ ዘመን አልፎ የካናቢስ ምስጢር ሳይፈታ መቅረቱ አሳሰበው። ፖሊስ ከሊባኖስ ሲገባ የያዘውን 5 ኪሎ ሀሺሽ ሰጠው፤ እርሱም በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሬሆቮት ወሰደው። በ1963 ከዩቫል ሽቮ ጋር የሲ.ቢ.ዲን አወቃቀር ገለጠ። በ1964 ከየሂኤል ጋዖኒ ጋር ቲ.ኤች.ሲን በንጹሕ መልኩ አወጣ። ንጹሐን ውሁዶቹ አንድ በአንድ ለዝንጀሮዎች ሲሰጡ ያደነዘዛቸው ቲ.ኤች.ሲ ብቻ ሆነ። ከኦሾኔሲ ጽሑፍ በኋላ 125 ዓመት ፈጅቶ ጠርሙሱ ተከፈተ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ሰውነት ዞረ። በ1988 በሴንት ሉዊስ አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቬን ቲ.ኤች.ሲ የሚጣበቅበትን ተቀባይ በአይጥ አንጎል ውስጥ አገኙ። በ1992 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የመኩላም ቡድን ከአሳማ አንጎል አናንዳሚድ የተባለውን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ካናቢኖይድ ለየ። ተቀባዮቹ በአንጎል ብቻ ሳይወሰኑ በልብ፣ በደም ቧንቧና በበሽታ ተከላካይ ሴሎችም ላይ እንዳሉ ሲታወቅ የልብ ሐኪሞች ወደ ጉዳዩ ተሳቡ።

ከልብ በኩል የመጣው የመጀመሪያው ዜና ግን መጥፎ ነበር። በ1974 የታተመ ጥናት የደረት ውጋት ያለባቸው 10 ሕመምተኞች ማሪዋና ካጨሱ በኋላ ውጋቱ እስኪጀምራቸው ድረስ መሥራት የሚችሉበት ጊዜ በ48 በመቶ እንዳጠረ አሳየ። ቲ.ኤች.ሲ ምቱን ሲያፋጥን ልብ ተጨማሪ ኦክስጅን ይሻል፤ ጭሱ ደግሞ ደሙ የሚሸከመውን ኦክስጅን ይቀንሳል። በ2001 በ3,882 የልብ ድንገተኛ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ካጨሱ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት አደጋው 4.8 እጥፍ እንደሚያድግ ገመተ። ማሪዋና ማጨስ ለልብ ይበጃል የሚል ወሬ ከእነዚህ ውጤቶች ጋር አይታረቅም።

የተቃራኒው መንገድም ተሞክሯል። ቲ.ኤች.ሲ የሚነካውን ተቀባይ የሚዘጋ ሪሞናባንት የተባለ መድኃኒት በ2006 በአውሮፓ ተፈቀደ። ክብደትን ይቀንስና የደም ቅባትን ያሻሽል ነበር። ነገር ግን ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስላስከተለ በ2008 ከገበያ ወጣ። ይህ የተቀባዮች ሥርዓት ለልብ ሲባል ሲነካ አእምሮም አብሮ እንደሚነካ ከዚህ በላይ ግልጽ ያደረገ ነገር የለም።

ተስፋው ወደማያሰክረው ወገን የዞረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2005 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ለማስከር የማይበቃ እጅግ ትንሽ ቲ.ኤች.ሲ በአይጦች የደም ቧንቧ ውስጥ የስብ ክምችት እድገትን እንደገታ ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ፤ ሥራው የተከናወነው በበሽታ ተከላካይ ሴሎች ላይ ባለው ሁለተኛው ተቀባይ በኩል ነበር። በ2007 በኢየሩሳሌም ሲ.ቢ.ዲ የተሰጣቸው አይጦች የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ ሲከፈት የሞተው የጡንቻ ክፍል ካልተሰጣቸው በ66 በመቶ አነሰ። ከሰውነት ወጥቶ ለብቻው በተያዘ ልብ ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። ስለዚህ ጥበቃው የመጣው ብግነትን በማብረድ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በሰው ላይ የተገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። በ2017 በኖቲንግሃም 9 ጤነኛ ወንዶች አንድ ጊዜ 600 ሚሊ ግራም ሲ.ቢ.ዲ ወስደው የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ 6 ነጥብ ወረደ። በክሮኤሺያ ስፕሊት ከተማ የግፊት ሕመም ባለባቸው 70 ሰዎች ላይ ለአምስት ሳምንታት በተደረገ ሙከራም መጠነኛ መውረድ ታየ። ይህ የግፊት መድኃኒት አስጥሎ የሚያስኬድ ውጤት አይደለም።

በሱቅ የሚሸጠው ዘይት ከእነዚህ ጥናቶች ጋር መምታታት የለበትም። በ2017 የታተመ ምርመራ በኢንተርኔት ከተገዙ 84 የሲ.ቢ.ዲ ምርቶች መካከል በመለያቸው ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል የያዙት 26 ብቻ መሆናቸውን፣ በ18ቱ ውስጥም ቲ.ኤች.ሲ መገኘቱን ገለጸ። የስኳየርና የሬይኖልድስ ዘመን ችግር በዚህ በኩል እንዳለ ነው። ሲ.ቢ.ዲ በጉበት ውስጥ ዋርፋሪንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ቢወስደው ለመድማት ሊጋለጥ ይችላል።

አሁን ሙከራው ያለው በልብ ከረጢት ብግነት ላይ ነው። በ2024 ይፋ በሆነ አነስተኛ ጥናት ብግነቱ እየተመላለሰ ያስቸገራቸው 27 ሕመምተኞች ሲ.ቢ.ዲን በአፍ ሲወስዱ በስምንት ሳምንት ውስጥ የሕመማቸው መለኪያ ከ10 ነጥብ በአማካይ ከ5.8 ወደ 2.1 ወረደ። ጥናቱ ለማነጻጸሪያ ባዶ መድኃኒት የሚወስድ ቡድን አልነበረውም፤ በዚህ ጉድለት የተነሣም ሰፋ ያለ ሙከራ እንዲከተለው ሆነ። ሕመምተኞቹ የወሰዱት በመጠን የተለካ፣ በፋብሪካ የተመረተ ንጹሕ ሲ.ቢ.ዲ ነው እንጂ ኦሾኔሲ በካልካታ በአልኮል ያበሰለው ሙጫ አይደለም።