ድል ያላዳነው ቡድን

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2015 የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ ከመንድ ከተማ በላይ ያለውን ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣሉ። ከፊት ያሉት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ቲቦ ፒኖ እና ሮማን ባርዴ፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው። ዳገቱን በራሱ ፍጥነት ሲወጣ የቆየው እንግሊዛዊው ስቲቭ ከሚንግስ ጫፉ ላይ ደረሰባቸው፤ ምንም ሳያመነታ አልፏቸው ወደ ትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ ገሰገሰና በማኮብኮቢያው ላይ ቀድሞ ገባ። የለበሰው ጥቁርና ነጭ ሰንበር ያለበትን የኤም ቲ ኤን ኩቤካ ማሊያ ነበር። በአፍሪካ ተመዝግቦ በቱር ደ ፍራንስ ለመሰለፍ የመጀመሪያው የሆነው ይህ የደቡብ አፍሪካ ቡድን፣ በዚያ ውድድር የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በኔልሰን ማንዴላ የልደት ቀን ነው።

ያ ቡድን ዛሬ የለም። ለምን እንደጠፋ ለመረዳት የብስክሌት ቡድን በምን እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

የእግር ኳስ ክለብ ትኬት ይሸጣል፤ ከቴሌቪዥን መብት ድርሻውን ይወስዳል፤ ሲቸግረው ተጫዋች ይሸጣል። የጎዳና ብስክሌት ቡድን ይህን አያገኝም። ተመልካቹ መንገድ ዳር ቆሞ በነጻ ያያል፤ የቱር ደ ፍራንስ የቴሌቪዥን ገቢም የአዘጋጁ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የተወዳዳሪው፣ የሜካኒኩና የወጌሻው ደመወዝ፣ የአውቶቡሱ ነዳጅና የሆቴሉ ሒሳብ ከሞላ ጎደል የሚሸፈነው ስሙ ማሊያው ላይ ከተጻፈው ድርጅት ኪስ ነው።

ቱር ደ ፍራንስ ራሱ በ1903 የተጀመረው ኦቶ የተባለው ጋዜጣ ሽያጩን ለማሳደግ ነው። በዚያ ዘመን ቡድኖቹን የሚደግፉት ብስክሌት አምራቾች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓዊው ወደ ሞተርና ወደ መኪና ሲዞር የብስክሌት ፋብሪካዎች ገበያ ቀዘቀዘ፤ የቡድኖቹም ገንዘብ አብሮ ነጠፈ። የፍላንደርስን ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ጣልያናዊው ፊዮሬንዞ ማኚ በ1954 መፍትሔውን ከብስክሌት ዓለም ውጪ ፈለገ፤ የቆዳ ቅባት አምራቹን ኒቪያን አሳምኖ ስሙን ማሊያው ላይ አሰፈረ። ተቃውሞ ቢገጥመውም ብዙ ሳይቆይ የመጠጥና የቤት ዕቃ አምራቾች፣ ቆይቶም ባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች ተከተሉት። ስፖርቱ በዚህ መንገድ ነፍስ ዘራ። ነገር ግን ከብስክሌት ሽያጭ ጋር ጉዳይ የሌለው ድርጅት ዓላማው ሲሞላለት፣ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ወይም ስሙ የሚጎድፍ ሲመስለው ይሄዳል።

ኤም ቲ ኤን ኩቤካ ያደገው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በዳግላስ ራይደር የሚመራው ቡድን በ2013 ሁለተኛውን የፕሮፌሽናል እርከን ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የሚላን ሳንሬሞ ውድድር በበረዶ ምክንያት መሃል ላይ ተቋርጦ ተወዳዳሪዎቹ በአውቶቡስ ተጓዙ፤ ውድድሩ ሲቀጥል የቡድኑ ጀርመናዊ ጄራልድ ቾሌክ ፒተር ሳጋንንና ፋቢያን ካንቼላራን ቀድሞ ገባ። በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ካሰለፋቸው 9 ተወዳዳሪዎች 5ቱ አፍሪካውያን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የተራራ ንጉሡን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ በመልበስ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይም ከ2012 እስከ 2014 በዚህ ቡድን ተወዳድሮ ነው ወደ ጣልያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ የተሻገረው። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈው ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ጽጋቡ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላምፕሬ ስፖንሰርነቱን ተወ። በቻይናውያን ሊያዝ የነበረው ቡድን ገንዘቡ ሳይገኝ ቀርቶ በኤምሬቶች ገንዘብ ተረፈ፤ ዛሬ ታዴይ ፖጋቻር የሚወዳደርበት ቡድን ይኸው ነው። ጽጋቡ ግን አዲስ ወደተቋቋመው ባሕሬን ሜሪዳ ተዛወረ።

የአፍሪካው ቡድንም ስሙን ይለዋውጥ ጀመር። ስፖንሰሩ ኤም ቲ ኤን በ2015 መጨረሻ ሲወጣ ዳይሜንሽን ዳታ ተተካ። በ2016 ቡድኑ ከፍተኛው እርከን ላይ ደረሰ፤ ማርክ ካቨንዲሽም በቱር ደ ፍራንስ አራት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። በ2020 ስሙ ኤን ቲ ቲ ሆነ፤ ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀ። አሶስ የተባለው የብስክሌት አልባሳት አምራች በመጨረሻው ሰዓት ደረሰ። በ2021 ቡድኑ በጂሮ ዲታሊያ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም ኔክስትሃሽ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ5 ዓመት ውል መፈራረሙን አስታወቀ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ለቀጣዩ ዘመን የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ቡድኑ ተበተነ።

ድል ብቻውን ቡድን አድኖ አያውቅም። የአሜሪካው ኤች ቲ ሲ ሃይሮድ በወንዶችና በሴቶች በ4 ዓመት ውስጥ ከ400 በላይ ድሎችን ሰብስቦ በ2011 ስፖንሰር አጥቶ ተዘጋ። በአንጻሩ ራቦባንክ በ2012 በላንስ አርምስትሮንግ የዶፒንግ ዘገባ ማግሥት ስሙን ከኔዘርላንዱ ቡድን ቢያነሳም የ2013ን ወጪ ሸፈነ። ቡድኑ ያን ዓመት ያለ ስፖንሰር ስም ጀምሮ አዲስ ደጋፊ አገኘ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ ጂሮን፣ ቱርንና የስፔኑን ቩዌልታ፣ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ በመውሰድ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። ሁለቱን የለያያቸው የአንድ ዓመት ፋታ ነው። ለሚሄድ ስፖንሰር ዓመቱ የበጀት መስመር ነው፤ ለቡድኑ ሕይወት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል። ብስክሌት ሃምሳውንም ሎሚ በአንድ ስፖንሰር ላይ ጭኗል። አዘጋጆች ከቴሌቪዥን ገቢያቸው ለቡድኖች ቢያካፍሉ፣ ውሎችም የሚለቅ ስፖንሰር የዓመት ማስጠንቀቂያና የዓመት ገንዘብ እንዲሰጥ ቢያስገድዱ ሸክሙ ይቀል ነበር። የዛሬው ደንብ የሚጠይቀው የባንክ ዋስትና ለጥቂት ወራት ደመወዝ የሚበቃ እንጂ ቡድን የሚያቆም አይደለም።

ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2021 የገንዘብ ችግር የገጠመውን የፈረንሳዩን ዴልኮ ለቆ ወደ ቤልጂየሙ ኢንተርማርሼ ገባ፤ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ድሎችንና የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ኢንተርማርሼም በ2025 መጨረሻ ራሱን ችሎ መቆም አልቻለምና ከሎቶ ቡድን ጋር ተዋሃደ። ቢንያም ታዋቂ ስለሆነ ሌላ ቡድን አያጣም። ዳግላስ ራይደርም አዲስ ቡድን አቋቁሟል፤ የተመዘገበው ግን በስዊዘርላንድ ነው። የሚጎዳው በመቀሌ፣ በአስመራ ወይም በኪጋሊ ገና ስሙ ያልታወቀው ወጣት ነው፤ የሚያውቀውና የሚሞክረው ቡድን ከቦታው የለም።

በሴፕቴምበር 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ፣ ተካሄደ። በዚያ ዓመት በሁለቱ ከፍተኛ እርከኖች የተመዘገበ አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም። አህጉሩ ውድድሩን ማስተናገድ እንደሚችል አሳይቷል፤ ተወዳዳሪዎቹም ማሸነፍ እንደሚችሉ አስመስክረዋል። የጎደለው ኩባንያዎች፣ ፌዴሬሽኖችና መንግሥታት ተጋርተው የሚይዙት፣ አንዱ ቢወጣ የማይፈርስ ቡድን ነው። ኤም ቲ ኤን ኩቤካ መንገዱን አሳይቷል፤ መንገዱን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን ከአንድ ፊርማ በላይ የሚዘልቅ ውል ብቻ ነው።